ነጻ ፋይልና ኬላው፦ ከካሴት ቀጂ እስከ ቴሌግራም፣ ከገላን ሲታይ



የዛሬው ንግግር ርእስ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረባዬ ‹‹ይህ የእኛ እንጂ የእናንተ የታሪክ ሰዎች ጉዳይ አይደለም›› ብሎኛል። በከፊል እውነቱን ነው። ፋይል ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ ማስረዳት የእሱ ሥራ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ቀረጥ ሰብሳቢ ከሚጠይቀው ጥያቄ ጋር ይዛመዳል። ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ መጽሐፉ ‹በነጻ› ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ገንዘቡ የት ላይ ይቀራል? የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት በየኬላው እየቆመ ቀረጥ ይከፍል እንደነበረ ሁሉ ፋይልም በመንገዱ ላይ ኬላ አለው። ኬላው የት እንደቆመ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ከምን ላይ እንደሚቀርጥ መመርመር ደግሞ ለታሪክ ሰው አዲስ ሥራ አይደለም። የኬላ ጠባቂን ጠባይ እናውቀዋለን፤ ጥጡን ማን እንደፈተለው፣ ሸማውን ማን እንደሸመነው አይጠይቅም፤ ጭነቱ ካለፈ በኋላም ምን እንደሚሆን አይገደውም። ይህን ጠባይ በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ዛሬ የምናገረው በአብዛኛው ስለ እርሱ ነው።

ቋንቋችን ነገሩን ቀድሞ ያየው ይመስላል። ዘፈን እንቀዳለን፤ ውኃም ጠላም ይቀዳል። ሙዚቃ በስልክ እናስጭናለን፤ አህያም ይጫናል። ከኢንተርኔት እናወርዳለን፤ ከአህያው ጀርባም ጭነት ይወርዳል። ቃላቱ ሁሉ ከኋላቸው የሚደክም ሰው አላቸው። ጫኝና አውራጅ በነጻ እንደማይሠራ ደግሞ ቁም ሣጥን ወደ አራተኛ ፎቅ ያስወጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ ያውቃል።

በእጅ ጽሑፍ ዘመን መቅዳት ወንጀል አልነበረም፤ እንዲያውም ጽድቅ ነበር። በብራና መጻሕፍት ላይ የሚገኘውን ግዝት ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሚያወግዘው መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሑፉን የፋቀውን ነው፤ የገለበጠውን አይነካውም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለድርሰቱ ሳይሆን ለድካሙ ነበር፤ ለብራና ፋቂው፣ ለቁም ጸሐፊው፣ ለሐረግ ሣዩ፣ ለደጓሹ። እያንዳንዱ ቅጂ የወራት ሥራ ስለሆነ ማንም በመቅዳት ብዛት አይከብርም፤ ደራሲም በመቀዳት ብዛት አይከስርም።

ድምፅ በሸክላ መሸጥ ሲጀምር ኬላው ፈቃድ ላይ ቆመ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን በድፍረት የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምሐ እሸቴ ነው። በ1961 ዓ.ም. አምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተመ፣ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም ‹የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን› የሚለው ብዙው ነገር የተቀረጸው በእነዚያ ዓመታት ነው። ሸክላን ሰፈር ውስጥ መቅዳት ስለማይቻል ፈቃዱን የያዘ ገቢውን ይይዛል፤ ፈቃዱን የጣሰም ቢሆን እንዲሁ።

ካሴት ይህን ሥርዐት አፈረሰው፤ ይልቁንም ኬላውን በየሰፈሩ በተነው ማለት ይሻላል። እንደ አምባሰል፣ እንደ ኤሌክትራ፣ እንደ ማሕሙድ ያሉት ሙዚቃ ቤቶች አሳታሚም አከፋፋይም ሆኑ። ከእነርሱ በታች ደግሞ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሁሉ ቀጂ ሆነ። ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዞ መሄድ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መውሰድ በእኔ ትውልድ የተለመደ ነገር ነበር። ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው ደግሞ ጣዕሙን የሚያስመሰክረው በቅደም ተከተሉ ነው፤ አንዳንዱ ለፍቅረኛው ከደብዳቤ ይልቅ በዚህ ይመካ ነበር። የምንከፍለው ለዘፋኙ አልነበረም፤ ለቀጂው ጊዜና ለባዶው ካሴት ነው። በጋዜጣም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ የግል ጋዜጦች ከተፈቀዱ በኋላ አራት ኪሎና አካባቢው ላይ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች ብቅ አሉ። አንባቢው ጋዜጣውን አይገዛም፤ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። አንድ ቅጂ በቀን ብዙ አንባቢ ያገኛል፤ አሳታሚው ግን የአንዱን ዋጋ ብቻ። በሚቀጥለው ምዕራፍ የምናገኛቸው የውጭ ኩባንያዎች የሠሩት ሥራ በባሕርዩ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ያከራዩት ጊዜን ነው።

እንግዲህ ወደ ውጭው ዓለም ልውጣ፤ ምክንያቱም የገላኑን ነገር ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሾን ፋኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ናፕስተርን ሲያወጣ አገልግሎቱ ፈጽሞ ነጻ ነበር፤ ገቢውም ነጻ ነበር ማለት ይቻላል። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2001፣ ፍርድ ቤት አስቆመው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን የንግድ ሰዎች ናቸው። በስዊዘርላንድ የነበረው ራፒድሼርና በ2005 በሆንግ ኮንግ የተቋቋመው ሜጋአፕሎድ አንድ ብልሃት ተካኑ። ፋይሉን አልሸጡም፤ መጠበቅን ሸጡ። በነጻ ለማውረድ የመጣ ሰው ቁጥር ወደ ኋላ እየቆጠረ ይጠብቃል። ከዚያም አንድ ፋይል ብቻ፣ በቀስታ ያወርዳል። ሁለተኛ ሲፈልግ እንደገና ይጠብቃል። ያ ቀስታ ከማሽን ድካም የመጣ አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። መጠበቅ የሰለቸው ሰው በወር ጥቂት ዶላር ከፍሎ ‹ፕሪሚየም› ይሆናል፤ ገንዘብ የሌለው ደግሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ማስታወቂያ ያያል። እንደምታዩት ሁለቱም ይከፍላሉ፤ አንዱ በገንዘብ፣ ሌላው በዐይኑ።

የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በሜጋአፕሎድ ላይ የመሠረተው ክስ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ውድ ሰነድ ነው፤ ነጋዴ ፈቅዶ የማያሳየውን መዝገብ ከፍቶ አሳይቶናልና። በክሱ መሠረት ኩባንያው ከ150 ሚሊዮን በላይ የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችና በቀን ወደ 50 ሚሊዮን ጎብኚዎች ነበሩት። ካስገባው ከ175 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ውስጥ ከ150 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ከፕሪሚየም ክፍያ፣ 25 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ማስታወቂያው ዋናው ገቢ የሚመስላችሁ ካላችሁ ቁጥሩ ተቃራኒውን ይላል፤ ትልቁ ገንዘብ የመጣው ከትዕግሥት ማጣት ነው። ኩባንያው ለተወሰኑ ዓመታት ብዙ ሰው የሚያወርደውን ፋይል ለሰቀለ ሰው ሽልማት ይከፍልም ነበር። የሚሸለመው ድርሰቱን የፈጠረው ሳይሆን ጭነቱን ወደ ኬላው የነዳው ነው።

በዚያው የክስ ሰነድ ውስጥ አንድ ዝርዝር አለ፤ ጋዜጦች እምብዛም አልጻፉበትም፤ እኔን ግን ከዶላሩ ይልቅ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ስሙን ሳያስመዘግብ የሰቀለ ሰው ፋይል በ21 ቀን ውስጥ የሚያወርደው ካላገኘ ይሰረዛል። የተመዘገበ ነገር ግን የማይከፍል ሰው ደግሞ 90 ቀን ይሰጠዋል። ለነጋዴው ይህ ፍጹም ትክክል ነው። የማይወርድ ፋይል ቦታ ይይዛል እንጂ ገንዘብ አያመጣም። ለቤተ መዛግብት ሰው ግን የሕግ ሁሉ ግልባጭ ነው፤ እኛ የምንጠብቀው ማንም የማይጠይቀውን ወረቀት ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ አንድ የዶክትሬት ተማሪ መጥቶ ሊጠይቀው ይችላልና።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የቀረበው ድሮፕቦክስ ለማንም 2 ጊጋባይት በነጻ ሰጠ። የቆጠረው ሰው የራሱን ፋይል አከማችቶ ቦታ ሲጠበው ይከፍላል ብሎ ነው። በ2018 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ከ500 ሚሊዮን በላይ ከተመዘገቡት ውስጥ የሚከፍሉት 11 ሚሊዮን ገደማ መሆናቸውን ገለጸ። ከ100 ሰው ሁለቱ የሌሎቹን 98 ወጪ ይሸፍናሉ ማለት ነው፤ የድግሱን ወጪ ሁለት ሰው ችሎት ሰፈሩ ሁሉ እንደሚበላበት ዓይነት። ስለዚህ ‹ነጻ› የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ከፋይ አለው፤ ከፋዩ ግን ተመጋቢው ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ የት ነበረች?

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በይፋ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት መሥመሩ ጠባብ፣ ዋጋው ከባድ፣ ሻጩም አንድ ብቻ ነበር። እንደ ራፒድሼር ላለ ኩባንያ ኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ በሁለት በኩል የማይጠቅም ሰው ነው። ፕሪሚየም ልግዛ ቢል በዶላር የሚከፍል ካርድ አብዛኛው ሰው የለውም፤ ብራችንም ውጭ አይመነዘርም። ማስታወቂያ ልይ ቢል ደግሞ ለአዲስ አበባ ዐይን ገንዘብ የሚከፍል አስተዋዋቂ ብርቅ ነበር። መጠበቁንም ልናስተምራቸው የምንችለው እኛ ነበርን። ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ፣ በደቂቃ እየከፈለ፣ 90 በመቶ ላይ መብራት የጠፋበት ሰው ከስዊዘርላንድ የመጣ ቆጣሪ አያስደነግጠውም። እንግዲህ ኩባንያዎቹ መጠበቅን መሸጥ አልቻሉም። ያን ገበያ የወሰደው የሰፈር ልጅ ነው።

አሁን ገላን ደርሰናል። ገላን ኮንዶሚኒየም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ዳር፣ ከፒያሳ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የጋራ መኖሪያ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ነው። የምኖረው እዚያ ስለሆነ የማወራው ያየሁትን ነው። በከተማዋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ነዋሪው ቤቱን በዕጣ ሲያገኝ የምድር ቤቶቹ የንግድ ክፍሎች ግን በጨረታ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ ከላይ ዕድል፣ ከታች ገበያ ይኖራል። ምድር ላይ የመጀመሪያዎቹ ከፋቾች እነማን እንደሆኑ ብታጠኑ ስለ አንድ አዲስ ሰፈር ብዙ ትማራላችሁ፤ ሱቅ፣ እህል በረንዳ፣ ፀጉር ቤት፣ ከዚያም ‹ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን› የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ጠባብ ክፍል።

የዚያ ክፍል ምጣኔ ሀብት ከሜጋአፕሎድ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ አያፍርም። ዕቃው አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወይም ሦስት ሃርድ ዲስክ፣ የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ነው። ሸቀጡን ከሁለት ቦታ ያገኛል። አንዱን ከመርካቶ ከሌላ ጫኝ ሃርድ ዲስክ ላይ በጅምላ ይገለብጣል። ሌላውን የሌሊት ጥቅል ገዝቶ፣ ሰፈሩ ሲተኛ አውርዶ ያድራል። ጠዋት ደንበኛው 4 ወይም 8 ጊጋ ሚሞሪ ይዞ ይመጣል። ደንበኞቹ በአካባቢው ፋብሪካዎች የሚሠሩ ወጣቶች፣ የድንጋይና የአሸዋ መኪና ረዳቶች፣ በአሮጌው የጅቡቲ መንገድ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። ሹፌሩ ለአዋሽና ለሚሌ መንገድ የሚበቃ ሙዚቃ በፍላሽ ያስሞላል። ፎልደሮቹ በሥርዐት ተሰይመዋል፤ የድሮ፣ አዲስ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የጉራግኛ፣ መዝሙር፣ ነሺዳ፣ የሰርግ። ጎግል ሳይደርስላት ገላን የራሷ ካታሎግ አዘጋጅ ነበራት። ‹‹ያቺን በሬዲዮ የምትመጣውን፣ ስለ እናት የምትለዋን›› ሲሉት የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል፤ ይህን የሚያህል የፍለጋ ማሽን እስካሁን አላየሁም።

ለምን ይከፈለው ነበር? ለዘፈኑ አይደለም፤ ደንበኛም ጫኝም ዘፈኑን ‹ነጻ› ነው የሚሉት። የሚከፈለው ለዳታው፣ ለሌሊቱ፣ ለምርጫው ነው። በአጭሩ ጫኙ ራፒድሼር ሊሸጥልን ያልቻለውን ያለመጠበቅ መብት በብር፣ በዱቤም ጭምር፣ ሸጠልን። ከዚህ አንድ እንግዳ ውጤት ተከተለ። አንድ ፊልም ከውጭ ሰርቨር አንድ ጊዜ ወርዶ አገር ውስጥ እልፍ ጊዜ ይገለበጣል። በኩባንያው መዝገብ ግን የታየው አንድ ጎብኚ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የፋይል ልውውጥ ከውጭ ኩባንያዎች ቁጥር ተነሥቶ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ ያገሩን ገበያ ጥላ እንኳ የማያይበት ምክንያት ይህ ነው። ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ እዚህ ላይ ያልተነካ እርሻ አለ፤ የእነዚያን ጫኞች ታሪክ በቃል መሰብሰብ ያለበት አሁን ነው።

ሕጉ በዚህ ሁሉ መካከል ዝም አላለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ከዚያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መጣ፤ አስቦ መብትን ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፈተ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የገላኑን ጫኝ 10 ዓመት የሚያስር ዳኛ በዐይነ ልቡናዬ ሊታየኝ አልቻለም፤ በአንድ ሰው ላይ የማይፈጸም ቅጣት ደግሞ በማንም ላይ አይፈጸምም። ልጁ ሌባ ተብሎ መጠራቱንም አልወደውም። የቆመው ሌላ ሰው ባልቆመበት ክፍተት ላይ ነው፤ ያንን ዘፈን በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ያለ የአቃቂ ወጣት የሚገዛበት ሱቅ አልነበረውም።

የጫኙን ዘመን ያሳጠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዜንደርና ሼርኢት የተባሉት መተግበሪያዎች ናቸው። ያለ ዳታ፣ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በደቂቃ ውስጥ ፊልም ያሻግራሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ገቢያቸው በመተግበሪያው ውስጥ ከሚያሳዩት ማስታወቂያ ነው። ሼርኢት የተወለደው በቻይናው ሌኖቮ ኩባንያ ውስጥ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 መጨረሻ ከቻይና ጋር በድንበር ስትጋጭ ሁለቱን ጨምሮ 59 መተግበሪያዎችን አገደች፤ በነጻ የሚሰጥ ዕቃ የመንግሥታት ጠብ ውስጥ እንደሚገባ ያኔ አየን። በእነዚያው ቀናት በአገራችን ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያሻግረው መንገድ ብቻ ክፍት ቀረ። ሁለተኛው ነገር ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ያደረገው ትልቅ የታሪፍ ቅናሽ ነው፤ በ2015 መስከረም ደግሞ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ገባና ሻጩ ሁለት ሆነ። ሦስተኛው ቴሌግራም ነው።

ቴሌግራምን ከሌሎቹ ረዘም አድርጌ ላየው እወዳለሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስልኩን ብፈትሽ በፒዲኤፍ የተቃኘ የአማርኛ መጽሐፍ የማይገኝበት ሰው ያለ አይመስለኝምና። (ሳቅ) ፓቬል ዱሮቭና ወንድሙ ኒኮላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀምሩት ወጪውን የሚሸፍነው ፓቬል ከራሱ ኪስ ነበር። ለዓመታት ቴሌግራም ገቢ አልነበረውም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ፣ ለማንም፣ ያለ ቆጣሪ፣ ያለ መጠበቅ ያሳልፋል። በ2021 በትልልቅ ቻናሎች ላይ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ። በ2022 ፕሪሚየም የተባለውን ክፍያ አመጣ፤ የሚከፍል ሰው እስከ 4 ጊጋ መስቀልና በፍጥነት ማውረድ ይችላል። የሜጋአፕሎድን ብልሃት እዚህ ላይ ታውቁታላችሁ። በ2024 የማስታወቂያውን ገቢ እኩሌታ ለቻናል ባለቤቶች እንደሚያካፍል አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዱሮቭ ድርጅቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዳስገባና የሚከፍሉ ደንበኞቹ ከ12 ሚሊዮን እንዳለፉ ገለጸ። ከተጠቃሚዎቹ ብዛት አንጻር ከ100 ሰው አንዱ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይከፍላል።

በእኛ አገር ግን ከቴሌግራም ራሱ በፊት ያተረፉት ሌሎች ናቸው። የቻናል ባለቤት መጽሐፉን ቃኝቶ ይለጥፋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቻናሉን ስም ያትማል፤ አንዳንዱ የደራሲውን ስም እስኪሸፍን ድረስ። አንባቢ ይሰበሰባል። አንባቢ ሲበዛ ነጋዴ መጥቶ ስለ ሶፋ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ውጭ አገር ትምህርት ዕድል እንዲለጠፍለት ይከፍላል። ቻናሉ ራሱም እንደ ሱቅ ይሸጣል። ሁለተኛው ተጠቃሚ የቴሌኮም ድርጅቱ ነው፤ መጽሐፉ በወረደ ቁጥር ሜጋባይቱ ይቆጠራል። ስለዚህ ‹በነጻ ያወረድኩት› ያለ ተማሪ ክፍያውን ፈጽሟል፤ የተከፈለው ግን ለመንገዱ ነው።

ደራሲው የት አለ? በእኛ ገበያ ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ራሱ ይከፍላል፤ አከፋፋዩና መጽሐፍ ሻጩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የወረቀት ዋጋ ሲንር የሽያጩ ዋጋ አብሮ ይንራል። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ሲገኝ ያልተመለሰው የማተሚያ ዕዳ የእርሱ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከ30 ዓመት ወዲህ ያልታተመ መጽሐፍ ለማንበብ የሚሻ ተማሪ ከዚያ ቻናል ሌላ የት ይሂድ? ሁለቱን ጉዳዮች አንድ አድርጎ ‹ሌብነት› ወይም ‹የዕውቀት ነጻነት› ብሎ መደምደም ለክርክር ይመቻል፤ ለመረዳት ግን አይረዳም። ገበያ ላይ ያለውን አዲስ መጽሐፍ መለጠፍ የሰውን እንጀራ መንጠቅ ነው። ገበያ ላይ የሌለውን አሮጌ መጽሐፍ መለጠፍ ግን ቤተ መጻሕፍት ያልሠራውን ሥራ መሥራት ነው፤ ለጣፊው የሚሠራው ለሶፋ ማስታወቂያ ብሎ ቢሆንም።

ሙዚቀኞቹ ኬላው የት እንዳለ ከደራስያን ቀድመው ተረድተዋል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር አብረው ሲያቀርቡ ያሰቡት ቀላል ነገር ነው። ሰው ለዳታው መክፈሉ ካልቀረ ለዘፈኑ የሚገባው ሳንቲም እዚያው በስልኩ በኩል ይቆረጥ። ካርድ የለም፣ ዶላር የለም። ኤልያስ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢያርፍም ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ ካሴት ከተበተነ ወዲህ ባለሙያው ራሱ ኬላ ላይ ልቁም ያለበት ጉልህ ሙከራ እንደሆነ አምናለሁ።

ወደ መጨረሻው ጉዳይ ልለፍ። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ሜጋአፕሎድ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ሲዘጋ የተሰረቀ ፊልም ብቻ አልጠፋም፤ ሰዎች ራሳቸው ያነሡት ምስል፣ የሥራ ሰነዳቸው አብሮ ተቆለፈ። ራፒድሼር መጋቢት 31 ቀን 2015 ሲያበቃ በተጠቃሚዎቹ ሒሳብ የነበረው ሁሉ ተሰረዘ። ኩባንያዎቹ ቃላቸውን አላፈረሱም፤ መንገድ እንሸጣለን እንጂ እናኖራለን አላሉምና። ዱሮቭ በነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ሲያዝ ስንቶቻችን ስለ አማርኛ መጻሕፍት አሰብን? ከንጉሡ ዘመን መጽሔቶች፣ ከደርግ ዘመን በራሪ ጽሑፎች፣ ከሬዲዮ ትረካዎች ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ብዙው ያለው በእነዚያ ቻናሎች ነው። ባለመብት ሲከስ ቻናል ይዘጋል። ባለቤቱ ሲሰለች ይተወዋል። ድርጅቱ ፖሊሲ ሲለውጥ ደግሞ እኛን አያማክርም። የታተመ መጽሐፍ ለወመዘክር እንዲገባ የሚያስገድድ ዐዋጅ አለን፤ የተቃኘው ቅጂ፣ የጫኙ ሃርድ ዲስክ፣ በሚሞሪ የዞረው የሰርግ ዘፈን ግን ማንም የሚጠብቀው የለም።

ነጻ ሆኖ የቆየ ነገር የለንም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከአሜሪካ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ጋር ተጀመረ። አብዮት መጣ፤ ሥራው አልቆመም። መንግሥት ተለወጠ፤ እስከ 1994 ድረስ ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በዚያ ካታሎግ ላይ አሳለፉ። ከፊልሞቹ ብዙዎቹን ዛሬ ማንኛችሁም ስማችሁን አስመዝግባችሁ፣ ሳትከፍሉ፣ ማስታወቂያ ሳታዩ በኢንተርኔት ልታነቧቸው ትችላላችሁ። ከፋዩ በግልጽ ይታወቃል፤ ገዳሙ፣ የምርምር ድጎማ ሰጪዎች፣ ለጋሾች። ማንም ሳይጠይቀው 40 ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ፊልም በ21 ቀን አልተሰረዘም።

እንዲህ ያለው ሥራ የግድ የአሜሪካ ገዳም መፈለጉ ያጠያይቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በነጻ የሚያስነብብ የመረጃ ቋት አለው፤ ወጪው ከዩኒቨርሲቲው በጀት ነው፤ ሰርቨሩ ሲቋረጥ የምንጮኸው ሁላችን ነን። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ያነሰ ነው። ፋኩልቲያችን ከሰፈር ጫኞችና ከቆዩ የቻናል ባለቤቶች ሃርድ ዲስክ በስጦታ ወይም በግዢ ተቀብሎ፣ ዝርዝር አውጥቶ፣ ባለመብት ያለውን ለይቶ ቆልፎ፣ የሌለውን ለአንባቢ ከፍቶ ቢያስቀምጥ ወጪው አንድ ባለሙያ፣ አንድ ክፍልና በየአምስት ዓመቱ የሚተካ የማከማቻ ዕቃ ነው። ገላን ላይ ብቻ እንዲህ ያለ ዲስክ ያላቸው፣ ሱቃቸውን ወደ ስልክ መለዋወጫ የለወጡ አራት ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ ዲስኩን ጠርጎ የደኅንነት ካሜራ መቅጃ አድርጎታል፤ የሦስቱ ገና አልተነካም። ማመልከቻውን ለፋኩልቲው ጉባኤ አቅርቤያለሁ፤ በሚቀጥለው ወር አጀንዳ ላይ ይገኛል።